በዓሉ ቀጠሮዬ ላይ እየወደቀ ነው፤ ቴራፒዬን ሳላቋርጥ እንዴት ልለፈው? (ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ)

የሐረጎ መንገደኛ (ነሐሴ 23፣ 2017)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ።

የምኖረውም የምሠራውም ኮምቦልቻ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ በየሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት ደሴ እየወጣሁ ሳይኮሎጂስት ጋ እቀመጣለሁ። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ደህና አልነበርኩም። ያን ሰሞን እዚህ የነበረ ሰው ያውቀዋል፣ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ታላቅ ወንድሜን ያጣሁትም ያኔ ነው። ቀን ቀን እየሠራሁ፣ ከሰው ጋር እየሳቅሁ፣ ሌሊት ሌሊት ግን በሆነ ባልሆነው እየባነንኩ ነው የኖርኩት። በመጨረሻ ታናሽ እህቴ ናት እጄን ይዛ ሐኪም ጋ የወሰደችኝ። ሰርትራሊን የሚባል የድብርትና የጭንቀት መድኃኒት ጀመሩልኝ፣ ከሱ ጎን ደግሞ የንግግር ሕክምናው።

እና እየሠራልኝ ነው። በር ጓ ሲል እንደ በፊቱ ዘልዬ አልነሳም። ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ የወንድሜን ስም ጠርቼ ስለዚያ ቀን ማውራት ጀመርኩ። እያለቀስኩ ነው፣ ግን ያሰብኩት ድረስ ደረስኩ። ባለሙያዋ ዋናውን ክፍል አሁን ነው የጀመርነው አለችኝ።

ልክ እዚህ ላይ በዓሉ ደረሰ። አዲስ ዓመት ዘንድሮ ሐሙስ ነው የሚውለው፣ ቀጥታ ቀጠሮዬ ላይ። መስከረም 15 ሐሙስ፣ በማግስቱ ደመራ ስለሆነ ፋብሪካው ውስጥ ግማሹ ሰው ከወዲሁ ፈቃድ ጠይቋል፣ ለእኔ የሚተርፍ አይመስለኝም። መስከረም 21 ግሸን ነው። 22 ሐሙስ ተሳላሚው የሚመለስበት ቀን ነው፣ ያን ቀን የደሴ መናኸሪያ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። የእናቴ ቤት ደግሞ ደሴ ነው። ከአዲስ አበባ ለንግሡ የሚመጣ ዘመድ ሁሉ የሚያርፈው እኛ ጋ ነው። የአባቴ ወገኖች ሙስሊም ናቸው፣ ነሐሴ ማለቂያ ላይ መውሊድ አለ፣ እዚያም መገኘት አለብኝ፣ ደስ እያለኝም ነው የምሄደው። ሥራው ግን እኔና እህቴ ላይ ነው። የዶሮው ሽንኩርት ብቻ ሌሊቱን ያጋምሰዋል።

ብሩም አለ። የበግ መዋጮ፣ ለእናቴ ልብስ፣ ለወንድሜ ልጆች ጫማ። የአንድ ወር የቴራፒ ክፍያ እዚያ ላይ ቢገባ ማንም ምንም አይለኝም። መዋጮው ቢጎድል ግን ሁሉም ይጠይቀኛል።

እናቴ የምታውቀው ጨጓራዬን እንደምታከም ነው። እሷም ልጇን ነው ያጣችው፣ የኔን ጨምሬ ላሸክማት አልፈልግም። እንግዳ በተሞላ ቤት መሀል ከሰዓት ተነስቼ ብወጣ የት ነው የምትሄጂው መባሌ አይቀርም።

ስለዚህ ሁሉን ትቼ ከግሸን በኋላ ብቀጥል ምን ይመስላችኋል? ወይስ በዚህ ሁሉ መሀል ያስኬደው ሰው አለ? ካለ እንዴት እንዳደረገው ይንገረኝ።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር

አብሽሪ እህቴ።

"ከበዓል በኋላ" ብለሽ ቀን ሳትቆርጪ አትተዪው። መስቀል ሲያልፍ ግሸን ነው፣ ግሸን ሲያልፍ የሰው ሠርግና ክርስትና ይመጣል፣ ቀና ስትዪ ኅዳር ደርሷል። ኅዳር ደግሞ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው የጦርነቱ ትዝታ የሚቀሰቀስበት ወር እንደሆነ አንቺው ታውቂያለሽ። እዚያ ወር ላይ ያለ ምንም ድጋፍ እንድትደርሺ አልፈልግም።

ደግሞ ባለሙያዋም ሰው ናት፣ እሷም በዓል አላት። ምናልባት እሷ ራሷ ቀኑን ልትቀይር እያሰበች ይሆናል። ሳትጠይቂያት ለምን ትወስኛለሽ? ደውይላት።

የድሮ ደሴ

ልጄ፣ በመጀመሪያ እግዜር ያጽናሽ። ወንድምሽንም ነፍሱን ይማር።

እኔ እንደ አባት የሚሰማኝን ልንገርሽ። በእኛ ጊዜ ሐዘን የደረሰበት ቤት በዓል ሲመጣ ለብቻው አይተውም ነበር። ጎረቤት ቡናውን ቆልቶ ይመጣል፣ እስላሙም ክርስቲያኑም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ቀኑ ይመሻል። አንዱ ስለሞተው ሰው አንድ ደግ ነገር ያነሳል፣ ሌላው ይቀጥላል፣ ይለቀሳል፣ ይሳቃልም። በ2014 ሐኪም ቤቱ ሁሉ ባዶ ሲቀር እኛን ያቆመን ይኸው አይደለም ወይ? ያን ጊዜ አንድ እንጀራ ለአራት ቤት ተከፍሏል።

ሕክምናውን ተዪው አልልሽም። ግን አንድ ወር ከእናትሽና ከዘመዶችሽ ጋር ሆነሽ አእምሮሽን ብታሳርፊው የሚጎዳ አይመስለኝም። ዘመድ ራሱ መድኃኒት ነው። ደግሞ በዓል ላይ ያን ቁስል መነካካቱ ለምን ያስፈልጋል እላለሁ።

ሲስተር ከደሴ

የሳይካትሪ ነርስ ነኝ፣ ደሴ ነው የምሠራው። ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ ምክንያቱም በየዓመቱ መስከረም ላይ ሰው ይጠፋብንና ጥቅምት ኅዳር ላይ ብሶበት ይመጣል። በእውነት ያሳዝነኛል።

መጀመሪያ ለየድሮ ደሴ። አባቴ፣ ያሉት እውነት ነው። ያን ጊዜ ጎረቤት ባይኖር ስንታችን በቆምን ነበር። ሰው ለብቻው አለመቀመጡ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ እኛም ታካሚዎቻችንን ከዘመድ አትራቁ እንላለን። ግን ዘመድ የሚሠራውን ቴራፒው አይሠራውም፣ ቴራፒው የሚሠራውንም ዘመድ አይሠራውም። ይቺ ልጅ በእናቷ ፊት ደህና መስላ መታየት አለባት። እናትየው ቀና ብላ ባየቻት ቁጥር ፊቷን ታስተካክላለች። ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ ደግሞ ይሄ ከጠዋት እስከ ማታ ነው። ሐሙስ ከሰዓት እዚያች ክፍል ውስጥ ግን ማንንም የማጽናናት ዕዳ የለባትም። በሳምንት አንድ ሰዓት ይቺን ማጣት፣ ያውም በዓል ላይ፣ ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ አንቺ፣ እህቴ። ከጦርነት ወይም ከከባድ አደጋ በኋላ ለሚመጣው ሕመም የሚሰጠው የንግግር ሕክምና ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ክፍለ ጊዜ ይወስዳል፣ እንደ ሰዉ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ የሚባለው አጭር የምክር ፕሮግራም አለ፣ እሱ 5 ብቻ ነው፣ በሳምንት አንድ፣ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ። በየሳምንቱ የሚደረገው አንዱ በሌላው ላይ ስለሚገነባ ነው። አንቺ ደግሞ አሁን ያለሽው ዋናው ቦታ ላይ ነው። ስለዚያ ቀን ማውራት ጀምረሻል።

ይሄ ሕመም በመሸሽ ነው የሚኖረው። ከድምፁ፣ ከቦታው፣ ከስሙ መሸሽ። ስትሸሺ ለዚያች ሰዓት ቀለል ይልሻል፣ ለዚህ ነው ሰው መሸሹን የሚለምደው፣ ግን ፍርሃቱ ሳይነካ እዚያው ይቀመጣል፣ እንዲያውም እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ ይሄን ራስሽን ጠይቂው፦ ልተወው ያልሽው በእውነት ከሥራው ብዛት ነው ወይስ ቀጥሎ የሚመጣውን ክፍል ፈርተሽ? ሁለቱም ያለ ነገር ነው፣ የሚያሳፍርም አይደለም። ሁለተኛው ከሆነ ግን ለባለሙያዋ ልክ እንደዚያው ንገሪያት። ፍጥነቱን ታስተካክለዋለች። እንዲህ ዓይነቱን ነገር መስማት ለኛ በጣም ይጠቅመናል፣ ታካሚ ሲቀር ግን ምን እንደሆነ የምናውቅበት መንገድ የለንም።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዝ አገር ያሉ ባለሙያዎች የሚመሩበት ናይስ የሚባለው መመሪያ ለዚህ ሕመም ምን ይላል፣ እንደ ሙት ዓመት ያሉ ከባድ ቀናት ሲመጡ ካስፈለገ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ አስቀድማችሁ ያዙ ይላል። ጨምሩ ነው የሚለው። ወንድምሽ የሌለበት እንቁጣጣሽ እንደዚያ ያለ ቀን ነው። በአዘቦት ቀን ሥራ ያስረሳሻል። በዓል ላይ ግን የሱ ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰው አበባ ይዘው ሲመጡ የሚጎድለው ሰው ፊት ለፊትሽ ነው።

ወደ ተግባሩ። ነሐሴ 29 ሐሙስ ነው፣ ቀጠሮ አለሽ ማለት ነው። የዚያን ዕለት ካሌንደር ይዘሽ ግቢና መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ቀኖቹን ጨርሱ፣ መጨረሻ ላይ ካነሳሽው ጊዜ አልቆ በጥድፊያ ትወጪያለሽ። የመስከረም 1ን ወደፊት አምጪው፣ ወደኋላ አትግፊው። ጳጉሜን 3 ሰኞ፣ 4 ማክሰኞ ነው፣ ከሁለቱ አንዱ ይሁን። 5 ዋዜማ ስለሆነ መኪናውም ሰዉም አይሆንም። መስከረም 8 ምንም የለበትም። የ15ቱን ከ12 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ አስገቢው፣ እነዚያን ቀናት ፈቃድ የሚሻማሽ ሰው አይኖርም። የ22ቱን በስልክ ጠይቂያት። ስልክ ስል በቴሌግራም መጻጻፍ ማለቴ አይደለም፣ በተለመደው ሰዓት፣ በር ዘግቶ፣ ቁጭ ብሎ ማውራት ነው። ያን ቀን ኮምቦልቻ የራስሽ ክፍል ሁኚ። እንግዳ በሞላበት የእናትሽ ቤት ጓዳ ውስጥ ሆኖ ስለዚያ ቀን ማውራት አይቻልም፣ ድምፅሽን ስትቀንሺ ሐሳብሽም አብሮ ይቀነሳል። ምናልባት በስልክ የምታወሩት ከባዱን ክፍል ሳይሆን ሳምንቱ እንዴት እንዳለፈ ብቻ ይሆናል፣ እሱም ይበቃል።

መድኃኒቱን አደራ። ስንት ፍሬ እንደቀረሽ ዛሬ ቁጠሪና ጳጉሜን ሳይገባ አስጽፈሽ ግዢ። ተመላላሽ ክፍል በዓል ላይ ዝግ ነው፣ ፋርማሲም ሁሉ አይከፍትም። ሰርትራሊን በድንገት ሲቋረጥ በጥቂት ቀን ውስጥ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብስጭት፣ የእንቅልፍ መረበሽ ሊያመጣ ይችላል። ሰው ይሄን ሲያይ በሽታው ተመለሰ ብሎ ይደነግጣል። አንድ ቀን ብትረሺ በማግስቱ ሁለት አድርገሽ አትዋጪ። ጠላውም አረቄውም ይቅርብሽ፣ ከዚህ መድኃኒት ጋር አይመከርም።

ለሌሎች አንባቢዎችም ልበል፣ መዝለል ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። ሕክምናው እያለቀለት ያለ፣ ቀጠሮው ራሱ በወር በወር የሆነለት ሰው ከባለሙያው ጋር ተነጋግሮ የበዓሉን ሳምንት ቢያልፈው ምንም አይሆንም። ተነጋግሮ ማለፍና ዝም ብሎ መቅረት ይለያያሉ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ የመጣበት ሰው ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅ። የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በዓልም ሌሊትም ክፍት ነው። አብራችሁት ያላችሁ ሰዎች ብቻውን አትተዉት፣ ይዛችሁት ሂዱ።

የሸዋበር ልጅ

ሲስተር ጀዛኪላህ፣ ብዙ ነገር ገባኝ።

እህቴ፣ እኔ ስለ ቤተሰብና ስለ መሥሪያ ቤት ልንገርሽ ምክንያቱም በዚህ መንገድ እያለፍኩ ያለሁ ሰው ነኝ። ለጭንቀት ነው የምታከመው። ዘንድሮ ረመዳን የካቲት ማለቂያ ላይ ሲገባ ሐኪሜ ጋ አስቀድመን ተቀምጠን ሰዓቱን አስተካከልን። ከሰዓት የነበረው ወደ ጠዋት ሆነ፣ ከሰዓት ላይ ጾመኛ ሰው ደክሞት ስለሚቀመጥ ማውራትም አይችልም። መድኃኒቱን ከኢፍጣር በኋላ አደረገልኝ። ወሩ በሰላም አለቀ፣ አልሐምዱሊላህ። ሐኪሜ ክርስቲያን ነው፣ ተራዊህ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ጠይቆኝ ነው ቀጠሮውን የጻፈው። እና ባለሙያው በዓልሽን እንደ እንቅፋት ያየዋል ብለሽ አትስጊ።

ለአለቃ፦ የሕክምና ቀጠሮ የሚል ወረቀት ማህተም አድርገው ይሰጡሻል። የምን ሕክምና እንደሆነ መጻፍ የለበትም፣ አንቺም የማስረዳት ግዴታ የለብሽም። ወረቀቱን ከፈቃዱ ግርግር በፊት ስጫቸው። ከተቻለ ፈረቃ የሚቀይርሽ ሰው አብረሽ አቅርቢ። አለቃ ማለት ክፍተቱን ማን ይሞላዋል የሚለው ነው የሚያሳስበው፣ እሱን መልሰሽ ከሄድሽ ብዙ አይጠይቅሽም።

ለቤተሰብ፦ "ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ፣ እስከ 11 ሰዓት እመለሳለሁ" በቂ ነው። እውነት ነው፣ አጭር ነው፣ መመለሻ ሰዓት አለው። ሰው የሚጨነቀው መቼ እንደምትመለሺ ካላወቀ ነው። ታናሽ እህትሽ ነገሩን ታውቃለች አይደል፣ ያቺን ሰዓት እሷ ትሸፍንሽ። ለእናትሽ ግን፣ እኔ እንደ ወንድም ስመክርሽ፣ አንድ ቀን ትንሽ ትንሽ ብትነግሪያት ይሻላል ባይ ነኝ። በዓሉ ግርግር መሀል ሳይሆን ብቻችሁን ስትሆኑ። ለእኔ እናት ስነግራት "እኔም እኮ አልተኛም" ነው ያለችኝ።

ደግሞ መውሊድ ላይ ከተገኘሽ፣ ዱዓውም ሰላዋቱም ነፍስ ያለመልማል፣ በሙሉ ልብሽ ሁኚበት። ጫቱን ግን እለፊው። ጫት ያነቃቃል፣ ልብ ምት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ለእኛ ዓይነት ሰው ደግሞ ያ ሁሉ ከጭንቀቱ ጋር አንድ ዓይነት ስሜት ነው። ሽማግሌዎቹ "ሐኪም ከልክሎኛል" ካልሻቸው አያስገድዱሽም። በወሎ ቤት ታማሚ ይከበራል። ጠበልም ዱዓም ከሕክምናው ጎን ለጎን ይቀጥላል፣ አንዱ ለአንዱ ቦታ አይለቅም።

የአባቴ ጠባቂ

የኔ ጉዳይ ትንሽ ይለያል ግን ይጠቅም ይሆናል። አባቴ ስትሮክ መቶት ፊዚዮቴራፒ እያመላለስኩት ነው። በዓል ላይ ያስቸገረኝ መንገዱ ሳይሆን "እንግዳ መጥቶ እንዴት ትወጫለሽ" የሚለው ነው።

ያደረግኩት ይሄ ነው። የቀጠሮ ካርዱን ከግድግዳው ካሌንደር ጋር አብሬ ሰቀልኩት፣ ቀኖቹን በቀይ አከበብኩ። እንግዳ የሚመጣበትን ቀን ሲያወሩ ሁሉም ቀዩን ያየዋል። እኔ አልጨቃጨቅም፣ ካሌንደሩን ነው የማሳየው። ቀጠሮው የቤቱ ጉዳይ እንጂ የኔ አመል ተደርጎ መታየቱ ቀረ። ከዚያ ሥራውን ከፋፈልኩ። ወንድሜ በግና መኪና፣ የአክስቴ ልጆች ሽንኩርት። እሺ አሉ። ከዚያ በፊት ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።

ባለሙያው ደግሞ የደከመ እጁን በቤት ሥራ ላይ አሠሩት ስላለን ነጭ ሽንኩርት እንዲልጥ እንሰጠዋለን። በዓል ላይ መቼም የነጭ ሽንኩርት እጥረት የለም። አንዷን ፍሬ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ቅርፊቷን በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ ሲገፋት፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ይላል። ሳህን ሙሉ ሲጨርስ ለዶሮው የኔ ድርሻ ይሄ ነው ይላል። ስለዚህ ባለሙያሽ የቤት ሥራ ከሰጠችሽ፣ መጻፍም ይሁን የትንፋሽ ልምምድ፣ ከበዓሉ ሥራ ጋር የሚሄድበትን መንገድ ጠይቂያት።

ስለ ብሩ ማንም አላነሳውም። የቴራፒውን ብር ለብቻው አስቀምጪው፣ ከተቻለ የመስከረምን አሁኑኑ ክፈይ። የተከፈለ ነገር አይነካም። መዋጮውን ቀንሰሽ ስጪ፣ በበግ ፋንታ ቅርጫ ቢሆን በዓሉ አይጎድልም። የወንድምሽ ልጆች ጫማቸውን ያግኙ፣ እሱን አትንኪው። ከዚያ ውጪ ያለውን ሁሉ መቀነስ ይቻላል።

የድሮ ደሴ

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ገብቶኛል። እናት ፊት ደህና መስሎ መታየት ያልሽው እውነት ነው፣ እኛም ቤት አለ። ልጄ፣ እንግዲህ ቀጠሮሽን ያዢ። ዘመዱም አይቅርብሽ። የ22ቱን መናኸሪያ ሳስበው ግን በስልክ ይሁን ያለችው ትክክል ነው። ጠዋት መንገድ ላይ ከወጣሽ ደግሞ በዚህ ሰሞን የሐረጎ ዳገት ጉም ስለሚለብስ ሾፌሮቹን አትቸኩሉ በያቸው።

የሐረጎ መንገደኛ (ነሐሴ 30)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ በአንድ ነው ያነበብኩት፣ እህቴም አንብባዋለች።

ትናንት ካሌንደሩን ይዤ ገባሁ። ባለሙያዋ እሷም ልታነሳልኝ ነበር፣ በበዓሉ ሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የምትሠራው። የመስከረም 1ዱ ጳጉሜን 4 ማክሰኞ 8 ሰዓት ሆነ። የ15ቱ መስከረም 13 ሆነ፣ ፈረቃ የምትቀይረኝ ጓደኛ አግኝቻለሁ፣ የቀጠሮ ወረቀቱንም ሰጥቻቸዋለሁ፣ አለቃዬ ፈረመና መለሰልኝ፣ ምንም አልጠየቀኝም። የ22ቱ በስልክ ነው፣ ኮምቦልቻ ሆኜ። መድኃኒቱ እስከ ጥቅምት የሚያደርሰኝ ተገዝቷል። ከብሩ የመስከረሙን ግማሽ ከፈልኩ፣ ቀሪውን ደመወዝ ሲወጣ። ሲስተር የጠየቀችኝን ጥያቄ ደግሞ ለራሷ ለባለሙያዋ አነበብኩላት። ፍርሃቱም እንዳለበት ነገርኳት። ጥሩ፣ እንግዲያው እስከ መስቀል ድረስ ቀስ እያልን እንሄዳለን፣ አዲስ ነገር አንከፍትም፣ የጀመርነውን ነው የምናጠናክረው አለችኝ። ከትከሻዬ ላይ የሆነ ነገር ነው የወረደልኝ።

ለእናቴ ገና አልነገርኳትም። ከግሸን በኋላ ቤቱ ጭር ሲል እነግራታለሁ፣ ከእህቴ ጋር ሆነን።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የዋዜማው ማታ። ልጆቹ ችቦ ሲያበሩ ደስ ይለኛል፣ የወንድሜ ልጆችም አሉበት። ግን ርችት የሚተኩሱ አሉ፣ ያ ድምፅ ሲመጣ ሰውነቴ አይታዘዘኝም። ያን ማታ ኮምቦልቻ ቀርቼ በሬን ዘግቼ ብተኛ ይሻላል ወይ? ትናንት ይሄን ሳላነሳባት ጊዜው አለቀ።

ሲስተር ከደሴ

በጣም ደስ ብሎኛል፣ በርቺ።

በርሽን ዘግተሽ አትተኚ። ድምፁ ኮምቦልቻም ይመጣል፣ ያኔ ደግሞ ብቻሽን ነሽ፣ ከየት እንደመጣም አታዪውም። ድንገት የመጣና ምንጩ የማይታይ ድምፅ ነው ይበልጥ የሚያስደነግጠው። እናትሽ ደጃፍ ላይ፣ ልጆቹን ከምታዪበት ቦታ፣ ጀርባሽን ለግድግዳ ሰጥተሽ ቁሚ። ርችት ማን እንደያዘ ቀድመሽ ካየሽው ሰውነትሽ ይዘጋጃል። እህትሽ አጠገብሽ ትሁን፣ ቀድመሽ ምን እንድታደርግልሽ እንደምትፈልጊ ንገሪያት፣ እጅሽን መያዝ ይሁን ዝም ብሎ አጠገብሽ መቆም ይሁን።

ድምፁ ሲመጣ ትደነግጪያለሽ፣ መደንገጥሽ ወደኋላ ተመለስኩ ማለት አይደለም። እግርሽን መሬቱ ላይ አጥብቀሽ ርገጪ። ትንፋሽሽን ከምትስቢው ይልቅ የምታወጪውን አርዝሚው። ከዚያ በአፍሽ፣ ድምፅ አውጥተሽ፣ ዛሬ ጳጉሜን 5 ነው፣ 2017 ነው፣ የእናቴ ደጃፍ ነኝ፣ ልጆቹ ችቦ ይዘዋል በይ። የወንድምሽን ልጆች ስም እየጠራሽ ማን ምን እንደለበሰ ብትናገሪም ይረዳል። ከበዛብሽ ግቢና ፊትሽን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቢ፣ ጥቂት ተቀመጪ፣ ሲረጋጋልሽ ተመልሰሽ ውጪ፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን። አንዴ ገብቶ ሌሊቱን በዚያው መቅረት ነው የማልመክርሽ። ለልጆቹም "ርችቱን ከመለኮሳችሁ በፊት ጥሩኝ" ብትያቸው ደስ ብሏቸው ነው የሚያደርጉት።

ጳጉሜን 4 ማክሰኞ ገብተሽ መጀመሪያ የምታነሺው ይሄን ይሁን። በማግስቱ ማታ ስለሆነ እዚያው ክፍል ውስጥ ከእሷ ጋር ቆማችሁ ተለማመዱት፣ ከኔ ምክር ላይ የምትቀይረው ካለም የሷን ያዢ፣ የምታውቅሽ እሷ ናት።